በዐቢይ ጾም ከረጅም የእንጦጦ ሩጫ በኋላ እንዴት ማገገም ይቻላል? ሰውነትን፣ ጾምንና ጸሎትን የማስማማት መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዐቢይ ጾም ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የጫካና የኮሮኮንች ሩጫ ለሚሮጥ፣ ከሩጫው በኋላም የዛለ እግሩን ከማሳረፍ ጋር ስለ እምነቱ ማሰላሰል ለሚፈልግ ሰው ነው። በምሳሌነት የወሰድሁት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጥቶ፣ በእንጦጦ ማርያምና በቅዱስ ራጉኤል አካባቢ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫካ አካልሎ፣ በመጣበት ቁልቁለት የሚመለሰውን መንገድ ነው። የተራራው ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ፣ በበጋ አየሩ ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግር በደከመበት ሰዓት ረጅም ቁልቁለት ስለሚጠብቅ፣ ከእንጦጦ ሩጫ ማገገም ከአስፋልት ሩጫ ከማገገም ይለያል።

ሩጫና እምነት አንድ ላይ ሲነሡ አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው ቅዱስ ጳውሎስ ሩጫን ስለ መጨረስ የጻፈውን ነው። ሩጫው ካለቀ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ከነቢዩ ኤልያስ ታሪክ የሚሻል አላገኘሁም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 መጨረሻ ላይ ኤልያስ ወገቡን ታጥቆ ከቀርሜሎስ እስከ ኢይዝራኤል ከአክዓብ ሠረገላ ፊት ይሮጣል፤ ይህም ከሃያ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። በቀጣዩ ምዕራፍ ያው ሰው በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን እናገኘዋለን። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት አልገሠጸውም፣ አልጠየቀውም፣ ትምህርትም አልሰጠውም። ኤልያስ በመጀመሪያ ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ፤ ዳግመኛም ተቀስቅሶ በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀንና ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላሉ፤ ውኃው፣ ምግቡና እንቅልፉ ይቀድማሉ፣ ጥያቄው ይከተላል።

ከሩጫው በፊት፦ ቀኑን መምረጥ

በጾም ወራት ማገገም የሚወሰነው በአብዛኛው ቀኑ ሲመረጥ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት፣ እንደየሰዉ አቅምም ከዚያ በላይ፣ ከእህልና ከውኃ ተከልክሎ ስለሚዋል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ከሮጡ በኋላ እስከ ከሰዓት በባዶ ሆድ መዋል ሰውነት ራሱን ለመጠገን በጣም የሚፈልገውን ሰዓት ያባክናል። ቅዳሜና እሑድ ግን፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ የሚጾመው ከጥሉላት ነው እንጂ እህልና ውኃ በሰዓት አይከለከልም። ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ ለቅዳሜ ጠዋት ማድረግ ከሥርዓቱ ጋር ሳይጋጩ ወዲያው ለመብላትና ለመጠጣት ያስችላል።

ይህ ምክር አንድ ሁኔታ ላይ አይሠራም። እሑድ ሥጋ ወደሙን የሚቀበል ሰው ከዚያ በፊት 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል አለበት፤ ቁርባኑ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ከሆነ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም ማለት ነው። ጠዋት ላቡን ያፈሰሰ ሰው እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የጎደለውን ሁሉ መተካት ቢችል እንኳ ሌሊቱን ውኃ ሳይጠጣ ማደሩ ይጎዳዋል። በእኔ አስተያየት በቁርባን ዋዜማ ረጅም ሩጫ መሮጥ የለበትም፤ ሩጫው ለሌላ ሳምንት ይተላለፍ፣ ወይም ወደ አንድ ሰዓት ሶምሶማ ይቀነስ። ከቁርባን በኋላ ባለው ቀንም መሮጥና ማላብ እንደማይገባ የታወቀ ነው።

በሥራ ምክንያት ከሳምንቱ መካከል ውጭ የማይመቸው ሰው ሩጫው ወደ 9 ሰዓት ተጠግቶ እንዲያልቅ ያድርግ። በምሳ ሰዓት ጫካው ውስጥ ጥላ ስላለ ሙቀቱ ይቻላል፤ ሆኖም ውኃ ሳይጠጡ የሚሮጥ ስለሆነ ርቀቱ በግማሽ ይቀነስ። ይህን ሁሉ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። አብዛኞቹ አባቶች ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከሰውነት ምን ያህል እንደሚወስድ በልምድ ስለማያውቁት፣ በደፈናው «ስፖርት እሠራለሁ» ከማለት ስንት ሰዓት እንደሚሮጡ፣ መቼ እንደሚበሉ፣ ከዚህ ቀደም አዙሮዎት ያውቅ እንደሆነ በዝርዝር ቢያስረዷቸው የሚሰጡት ምክር የተሻለ ይሆናል። ጾሙን ማላላትም ሆነ ማጥበቅ በሯጩ የግል ውሳኔ የሚሆን ነገር አይደለም።

አንደኛ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ሩጫው ሲያልቅ አይቀመጡ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ። ሩጫ በድንገት ሲቆም ደም እግር ላይ ስለሚጠራቀም የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሽሮ ሜዳ ደርሰው ቀጥታ ታክሲ ውስጥ የሚገቡ ሯጮች የሚያዞራቸውና የሚያቅለሸልሻቸው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በላብ የራሰውን ካናቴራ ወዲያውኑ ቀይረው ደረቅ ሹራብና ኮፍያ ያድርጉ። የእንጦጦ ነፋስ ፀሐይ ባለበት ሰዓት እንኳ ላብን በፍጥነት ያቀዘቅዛል፤ አንድ ጊዜ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰውነት ደግሞ የቀረውን ጉልበት ለማሞቂያ ይጨርሰዋል።

በዚህ ሰዓት የሚደረገው ጸሎት አጭር ይሁን። እየተራመዱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለውን በጣት አንጓ እየቆጠሩ ከትንፋሽ ጋር ማስኬድ፣ ወይም አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ ይበቃል። አተነፋፈሱም አብሮ ይረጋጋል። መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የ5,000 ሜትር ፍጻሜን እንዳሸነፈች ከመለያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ አሳይታለች፤ ለመጨረሻው መስመር የሚስማማው እንዲህ ያለ አንድ አፍታ የሚፈጅ ምስጋና ነው። ረጅሙን ጸሎትና ምርመራ ለኋላ እናቆየው።

ጸበልን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንጦጦ ድረስ ከወጡ አይቀር ከሩጫው በኋላ ወደ ጸበሉ ጎራ የሚሉ፣ አንዳንዴም ቀዝቃዛነቱን ለጡንቻ ሕክምና የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። ጸበል በባዶ ሆድና በተዘጋጀ ልብ የሚገቡበት እንጂ የበረዶ ውኃ ምትክ አይደለም፤ ላቡ ያልደረቀና በሩጫ ጉልበቱ ያለቀ ሰው በዚያ ቅዝቃዜ ሥር መቆሙም ለጤናው አይመከርም። ሌላ ቀን፣ ለጸበሉ ብቻ ብለው ይሂዱ።

ሁለተኛ፦ ውኃና ጨው

ምን ያህል እንደሚጠጡ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሚዛን ነው። ከሩጫው በፊትና በኋላ በቀላል ልብስ ይመዘኑ፤ የጎደለው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከአንድ ሊትር ፈሳሽ ጋር ይቀራረባል። ከፊሉ በሽንት ስለሚወጣ ለእያንዳንዱ የጎደለ ኪሎ ከአንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ መጠጣት ይገባል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው 58.5 ሆኖ ከተመለሰ ወደ ሁለት ሊትር ያስፈልገዋል።

ውኃው ከጨው ጋር ካልሆነ ሰውነት አይዘውም። ከምግብ ጋር የሚገባው ጨው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ምግብ ገና ከሆነ ግን ብዙዎች ለምለም የሚሉት ኦአርኤስ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ጥሩ ያገለግላል። ያለ ጨው ብዙ ውኃ በአጭር ጊዜ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያቀጥናል። ብዙ ጠጥቶ ራስ ምታት፣ ትውከትና ግራ መጋባት የታየበት፣ በተለይም ክብደቱ ከሩጫው በፊት ከነበረው የጨመረ ሰው ተጨማሪ ውኃ ሳይሰጠው በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሦስተኛ፦ የጾም ማዕድ ለሯጭ

የጾም ምግብ ለሯጭ አይበቃም የሚለው አስተያየት የተለመደ ቢሆንም አልስማማበትም፤ የሚጎድለው በአብዛኛው መጠኑና ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ቢገባ ጡንቻ የጨረሰውን ጉልበት ቶሎ መተካት ይጀምራል። ለ60 ኪሎ ሰው ሁለት ሙዝና አንድ ትልቅ ብርጭቆ በሶ ይህን ይሸፍናሉ። በሶው በስኳርና በቁንጥጫ ጨው ቀጠን ተደርጎ ይበጥበጥ፤ ወፍራሙ ሆድን ስለሚከብድ የተረበሸ ጨጓራ አይቀበለውም። ገና የሚያቅለሸልሸው ሰው በአጥሚት ወይም በድንች ሾርባ ይጀምር።

ዋናው ምግብ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከተል። እዚህ ላይ ግቡ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ማግኘት ነው፤ ደንበኛ ሰሃን ምስር ወጥ ወይም ወፈር ያለ ሽሮ ከአንድ ተኩል እንጀራ ጋር ወደዚያ ይደርሳል። ጥራጥሬው የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ጤፉ ስለሚያሟላ የእናቶቻችን በየዓይነቱ ለዚህ ሥራ የታሰበ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ሯጩ እንደ ሌላው ቤተሰብ አንድ ጊዜ በልቶ ማዕዱን ሲያነሣ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሊርበው ስለሚገባ ቂንጬ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ቆሎ ከሱፍ ጋር ወይም ንፍሮ አጠገቡ ይኑር። በተልባና በሱፍ ፍትፍት የሚገኘው ቅባት ሳይበዛ ለእራት ይቆይ።

ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁት። ቡናና ሻይ ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ፤ ሎሚና ብርቱካን በተቃራኒው ያግዙታል። ለሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ለማይበላ ሰው፣ በተለይ ለሴት ሯጮች፣ ይህ ትንሽ የምትመስል ልማድ ለውጥ ታመጣለች። ድካሙ ከሳምንት ሳምንት እየባሰ፣ ትንፋሽ በቀላል ዳገት ማጠር ከጀመረ ደም ይመርመሩ።

አራተኛ፦ እንቅልፍ፣ መድኃኒትና ማሳጅ

ከምግቡ በኋላ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይተኙ፤ ማታም ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ይግቡ። ጸሎተ ንዋምን አልጋ ላይ ሳይወጡ፣ ገና ነቅተው ሳሉ ያድርሱ። ለሌሊት ጸሎት መነሣት የለመደ ሰው ያችን አንድ ሌሊት ቢተኛ ስንፍና እንዳይመስለው፤ ኤልያስ ሁለት ጊዜ መተኛቱን እናስታውስ።

ሕመሙን ለማስታገሥ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ በሯጮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ ግን ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በሩጫው ቀን ይቅር። በዚያው ቀን በጉልበት የሚታሽ ማሳጅም አይመከርም፤ የተጎዳ ጡንቻን በኃይል መጫን ጉዳቱን ያባብሰዋል። ቀለል ያለ ማሸት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሕመሙን በመጠኑ ይቀንሳል።

አምስተኛ፦ እሑድ፣ ቅዳሴና የዛለ እግር

በቁልቁለት የፊት ጭን ጡንቻ እየተሳበ ክብደትን ስለሚይዝ ቃጫዎቹ በጥቃቅን ይሰነጣጠቃሉ፤ ሕመሙ ከ24 ሰዓት በኋላ ተነሥቶ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ የቅዳሜ ሯጭ ዋናው ፈተና የሚገጥመው እሑድ በቤተ ክርስቲያን፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በባዶ እግር ቆሞ ሲያስቀድስ ነው። መቋሚያ ይያዙ፤ ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያመላልሱ፤ ቆመው ሳሉ ተረከዝን በቀስታ ከፍ ዝቅ ማድረግ ባት ላይ የረጋውን ደም ይመልሰዋል። ውኃ የቋጠረ ጣት ካለ አስቀድመው በንጹሕ ፋሻ ሸፍነው ካልሲ ያድርጉ። ደረጃ ሲወርዱ ጭን ስለሚከዳ በጎን ዞረው ይውረዱ።

ቅዳሜና እሑድ የንስሐ ስግደት ስለሌለ የሚያሳስበው ከሰኞ ጀምሮ ያለው ነው። አርባ አንድ ጊዜ መሬት ስሞ መነሣት አርባ አንድ ጊዜ ቁጢጥ ብሎ እንደመነሣት ጭንን ያሠራል። ሕመሙ ገና ካልወጣ የሰኞውንና የማክሰኞውን ስግደት ቀንሰው በጉልበት ተንበርክከው ማድረስ ይቻል እንደሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ በቀላሉ የሚፈታ ጉዳይ ነው።

ስድስተኛ፦ የማሰላሰያው ሰዓት

ማሰላሰሉን እስከ እሑድ ከሰዓት ያቆዩት የምለው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ ረጅም ሩጫ ባለቀ በሰዓታት ውስጥ የሚመጣ ልዩ ደስታ አለ፤ ሰውነት በራሱ የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ሕመምን አደንዝዘው ልብን ከፍ ያደርጉታል። ሰው በዚያ ስሜት ውስጥ ሆኖ ቅዱስ ራጉኤል ደጃፍ ላይ ስለት ይሳላል፤ በየሳምንቱ ሮጬ እሳለማለሁ፣ ይህን ያህል ዓመት እንዲህ አደርጋለሁ ይላል። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል እንደሚሻል ያስተምራል። በሩጫው ቀን ያመስግኑ፣ ስለቱን ግን ቢያንስ ለሁለት ቀን ያዘግዩት።

ሁለተኛው ምክንያት ተቃራኒው ነው። ደስታው በወረደ ማግሥት፣ እንቅልፍና ምግብ ባልሞላበት ሰዓት፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ መከፋት አለ። ጸሎት ባዶ ይመስላል፣ ጾሙ ከንቱ ይመስላል፣ ሰው እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል። ያን ስሜት የእምነቱ መለኪያ አድርጎ የሚወስድ ሯጭ ራሱን በሐሰት ይከሳል። አስቀድሞ በልቻለሁ ወይ፣ ጠጥቻለሁ ወይ፣ ተኝቻለሁ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሦስቱን አሟልቶ ከሳምንት በላይ ከቆየበት ግን ለንስሐ አባቱ ይናገር፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም አብረው ከጠፉ ሐኪም ያማክር።

እሑድ ከሰዓት፣ ከምሳና ከቡና በኋላ፣ ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ወይም ከመዝሙረ ዳዊት አንድ መዝሙር ያንብቡ፤ ከዚያ መንገዱን ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በሐሳብ ደግመው ይሂዱበት። ማስታወሻ ደብተር ይጠቅማል። የሚጻፈው ስለ ፍጥነት አይሁን፤ የት ቦታ ላይ ተማረርሁ፣ በዚያ ሰዓት ማንን ወቀስሁ፣ ጸሎቴ የተቋረጠው ምን ሲመጣ ነው፣ በመንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ማን ነበር የሚሉት ይበቃሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ በእንጦጦ መንገድ ላይ ቀላል አይደለም። ሯጩ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከእርሱ ጋር አብረው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ፣ አንዳንዶቹ በላስቲክ ጫማ፣ በዚያው ጭንን በሚያቃጥለው ቁልቁለት ይራመዳሉ። ብዙ ሯጭ «መንገድ!» ብሎ ያልፋቸዋል። ጾም ያለ ምጽዋት ሙሉ እንደማይሆን ቤተ ክርስቲያን ስለምታስተምር፣ በደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ነገር ወደ ተግባር የሚቀየርበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ገንዘብ፣ ቆም ብሎ «እንዴት አደራችሁ እናቶቼ» ማለት፣ በጠባቡ መንገድ ላይ ጫፍ ይዞ እነርሱን ማሳለፍ። በራሴ ግምት ከሩጫ የሚገኝ መንፈሳዊ ጥቅም የሚለካው በጫካው ውስጥ ከተሰማን ስሜት ይልቅ በዚህ ነው።

ሰባተኛ፦ ከሰኞ በኋላ ወደ ሩጫ መመለስ

ሰኞ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ እርምጃ ብቻ ያድርጉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ደረጃ ሲወርዱ የሚሰማው ሕመም ከቀነሰ፣ ሜዳማ በሆነ ለስላሳ መሬት ላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሶምሶማ ይቻላል። እነዚህ የጾም ቀናት ስለሆኑ ሰዓቱ ወደ ማፍጠሪያው ይጠጋ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ምትዎን ይቁጠሩ፤ ከወትሮው በደቂቃ ከአምስት እስከ አሥር ምት ከጨመረ ሰውነት ገና አልተመለሰምና የዚያን ቀን ሩጫ ይተዉት።

ተራ የጡንቻ ሕመም በሁለቱም እግር ላይ እኩል ይሰማል፤ ሲንቀሳቀሱም ይፍታታል። በአንድ እግር ብቻ የሚሰማ፣ በጣት ጫፍ አጥንት ላይ ሊጠቆም የሚችል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም ሲረግጡ የሚብስ ሕመም ግን የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫ ይቁም፣ ምርመራም ይደረግ። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ በዚያው ቀን ይታዩ። ሽንት የጠቆረ ሻይ ወይም የኮካ ኮላ መልክ ከያዘ፣ ጡንቻም ከመጠን በላይ ካበጠና ከከዳ፣ የጡንቻ ስብርባሪ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳያባክኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው 9 ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፣ ቤተ ክርስቲያንም በሕመምተኛ ላይ ይህን አትጭንም።

ወደ ቁልቁለት መመለስ የመጨረሻው ነው። ዳገቱን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መሞከር ቢቻልም ቁልቁለቱን ቢያንስ አንድ ሳምንት ያቆዩት፤ የሚቀጥለውን ረጅም ሩጫ ደግሞ በሁለት ሳምንት ልዩነት ያድርጉ። በመካከሉ ባለው ቅዳሜ ሽቅቡን በሶምሶማ ወጥተው፣ ቅዱስ ራጉኤልን ተሳልመው፣ ቁልቁለቱን ሙሉ በሙሉ በእርምጃ ይውረዱ፤ አጭር እርምጃ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸፈነውን የሚያንሸራትት ጠርዝ እየሸሹ።